ስለ ወር አበባ ስንጠይቅ ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ ለምን አይታከሙም?

ተመራቂዋ · ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ ጥናታችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ወር አበባ ጤና ችግሮች ባላቸው ግንዛቤና አመለካከት ላይ ነው። ወንዱም ሴቱም እንዲሞላው ነው ያሰብነው። መጠይቁን ከቀደሙ ጥናቶች አሰባስበን አዘጋጀንና ለሙከራ ለጓደኞቻችን በተንነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። ደሙ ከየት ይመጣል? ከማህፀን። ምን ያመጣዋል? ሆርሞን። ዑደቱ ስንት ቀን ነው? 28። በሽታ ነው ወይስ ተፈጥሮ? ተፈጥሮ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ደፍነውታል።

በወረቀቱ ከሄድን የግንዛቤ ችግር የሚባል ነገር የለም፤ ጥናቱም እዚያው ያልቃል። እኔ ግን የምኖረው ዶርም ውስጥ ነው። መጠይቁን ከደፈኑት አንዷ በየወሩ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ነው የምትውለው። ታከሚ ስትባል «የኔ እንደዚህ ነው፣ የእናቴም እንደዚህ ነበር» ትላለች። ሌላዋ አንሶላዋ ስር ላስቲክ አንጥፋ ትተኛለች፤ ሌሊት ሞዴስ ለመቀየር ስትነሳ የአልጋው ብረት ሲንቋቋ እሰማለሁ። አንድም ቀን ችግር አለብኝ ብላ አታውቅም። ሁለቱም «ያልተለመደ የደም መፍሰስ ሲያጋጥም ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል» የሚለው ላይ «በጣም እስማማለሁ» ብለዋል።

ምን ብለን ብንጠይቅ ነው ይሄ ነገር ወረቀቱ ላይ የሚወጣው? የጤና ትምህርት ያላችሁም የሌላችሁም ሐሳብ ስጡን።

አዋላጇ · ሰኞ ማታ

ጥሩ አስተውለሻል እህቴ። «ያልተለመደ» ብላችሁ አትጠይቁ። ላስቲክ አንጥፋ የምትተኛዋ ልጅ የወር አበባ ካየችበት ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ከሆነች፣ ለሷ ያልተለመደው ላስቲክ ሳያነጥፉ መተኛት ነው። የምትቆጥረውን ነገር ጠይቋት። አንድ ሞዴስ ስንት ሰዓት ያቆይሻል? ሌሊት ለመቀየር ትነሻለሽ? ሁለት ደርበሽ ታውቂያለሽ? ከሰባት ቀን በላይ ይቆያል? ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የረጋ ደም ይወጣሻል? ይፈሰኛል ብለሽ ከክፍል የቀረሽበት ቀን አለ? እነዚህን ደምሩና «በጣም እስማማለሁ» ካለችው ጋር አስተያዩት። ጥናታችሁ እዚያ ነው ያለው።

መማሪያ መጻሕፍቱ በአንድ ዑደት የሚፈሰው ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፣ ከ80 ካለፈ ብዙ ነው ይላሉ። በሚሊ ሊትር የሚለካ ሰው ግን የለም። አሁን ሐኪሞች በዋናነት የሚያዩት ኑሮዋን፣ ትምህርቷንና እንቅልፏን ምን ያህል እንዳወከባት ነው። በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እየሞላ ለተከታታይ ሰዓታት ከቀጠለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን መታየት ነው።

ሌላው የብረት ጉዳይ ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደም ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይይዛል። 80 ሚሊ ሊትር የፈሰሳት 40 ሚሊ ግራም አጣች ማለት ነው፤ አንጀታችን ከምግብ የሚያስገባው ደግሞ በቀን አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ግራም ነው። ሒሳቡ ለጥቂት ነው የሚገጥመው፣ ከዚያ በላይ ለሚፈሳት ደግሞ አይገጥምም። የሄሞግሎቢን ምርመራ ደህና ነሽ እያላት ፌሪቲኗ፣ ማለትም የብረት ክምችቷ፣ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ድካም፣ ልብ መምታት፣ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ማንበብ። እሷ የፈተና ጭንቀት ትለዋለች።

እና 28 ቀን ያለውን ሁሉ ልክ ካላችሁ መጠይቁ ራሱ ግንዛቤ ይጎድለዋል። ለአዋቂ ሴት ከ24 እስከ 38 ቀን ጤናማ ነው።

ሦስተኛ_ረድፍ · ሰኞ ማታ

28 ነበር የምለው እኔም። ወንድ ነኝ፣ ባዮሎጂው ከሃይስኩል ጀምሮ ተሸምድዷል።

ለኛ ግን ሌላ ጥያቄ አዘጋጁ። ስለ ሞዴስ ሰዓት ብትጠይቁኝ ገምቼ ነው የምመልሰው። ይልቅ ግሩፕ ወርክ ላይ አንዷ በሁለት ወር ሁለት ጊዜ ስትቀር በልባችን ምን እንደምንል ጠይቁን። ተቆጥታ ስትናገር «ፔሬድ ላይ ናት» የሚለውን ማን ማን እንደሚለው ጠይቁን። እዚያ ላይ ደፋኝ አታገኙም።

ሌሊት_ላይብረሪ · ማክሰኞ ጠዋት

አልጋዋ ላይ የምትውለዋ እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ዶርምሽን አላውቅም እንጂ።

መጀመሪያ ታችኛው ወገቤን ይይዘኛል፣ ከዚያ ወደ ጭኔ ይወርዳል፣ ከዚያ ያስመልሰኛል። ተቅማጥም አለው፣ እሱን ማንም አይነግርሽም። ሚድ ላይ መጥቶብኝ የፈተናውን ወረቀት ገልብጬ ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ነበር። ፈታኙ አጠገቤ ቆሞ «እንቅልፍ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። እውነቱን ከመናገር እሱ ቀለለኝ። ፊት ያለው ልጅ ዞሮ ሳቀ።

ማስታገሻ አልወስድም ማለት ይቻላል። የዶርማችን ትልቅ ልጅ «ከለመድሽው አይለቅሽም፣ በኋላም መውለድ ይከለክላል» ብላኛለች። ስለዚህ እስክንቀጠቀጥ እጠብቅና አንዷን ፍሬ እውጣለሁ፤ እሷም ምንም አታደርግልኝም። እንዳልታመም ሳይሆን እንዳልለምድ ነው የምፈራው። ይሄንን የምትጠይቅ ሣጥን መጠይቁ ላይ አለች?

ፋርማሲ_ባንኮኒ · ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ ያቺ «ትልቅ ልጅ» በየዶርሙ አለች መሰለኝ፤ ባንኮኒው ላይ በየቀኑ ነው የምሰማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማህፀን ግድግዳ ሊፈርስ ሲል ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ይለቃል። እሱ ነው ማህፀኑን የሚጨምቀው፣ እርጥብ ፎጣ እንደሚጠመዘዝ። ሲጨመቅ የደም ዝውውሩ ይቀንሳል፣ ቁርጠቱ ይመጣል። የተረፈው ወደ ሌላው ሰውነት ይሄድና አንጀትሽን ያንቀሳቅሰዋል፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከዚያ ነው። ኢቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲንና ሜፌናሚክ አሲድ የሚሠሩት ፕሮስታግላንዲኑ እንዳይመረት በማድረግ ነው። አንቺ ተመርቶ፣ ተሰራጭቶ፣ መንቀጥቀጥ ጀምረሽ ነው የምትወስጂው። አይሠራም ብትዪ አልፈርድብሽም።

ቀንሽ የሚታወቅ ከሆነ ሕመሙ ሲጀምር፣ ወይም ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከምግብ ጋር ጀምሪ። ኢቡፕሮፌን ከሆነ 400 ሚሊ ግራም በየስድስት ወይም ስምንት ሰዓቱ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ወይም በእነዚህ መድኃኒቶች የሚነሳ አስም ያለባት አትውሰድ፤ ነፍሰ ጡር ልትሆን የምትችልም እንዲሁ። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደራርቦ መውሰድ ጥቅም የለውም፣ ጨጓራ ነው የሚጎዳው። ደም የሚበዛባት ደግሞ አስፕሪንን ትራቀው። ሱስ አያስይዝም። በየወሩ ለሁለት ለሦስት ቀን ወስዶ መካን የሆነ የለም።

ሙቅ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ ሆድ ላይ መያዝም የልብ ማድረሻ ብቻ አይደለም፤ በጥናት ተፈትሾ እንደሚያስታግስ ታይቷል።

አዋላጇ · ማክሰኞ ጠዋት

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። በትክክል ወስዳችሁት ሦስት ወር ሞክራችሁ ካልተሻላችሁ ዝም ብላችሁ ዓይነት አትቀያይሩ። ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ነገረኛው · ማክሰኞ ከሰዓት

ይቅርታ አድርጉልኝና አሁን ሁሉም ነገር በሽታ እየሆነ ነው። እናቶቻችን ይሄ ሁሉ ስም ሳይወጣለት ወልደው አሳድገውናል። ለጤነኛ ልጅ «አንድ ሞዴስ ስንት ሰዓት ያቆይሻል» ብላችሁ ወረቀት ብትሰጧት ስትቆጥር ልትታመም ነው። የግንዛቤ ጥናት ነው ወይስ ታማሚ ማምረቻ?

ኢንተርን_ያልተኛ · ማክሰኞ ከሰዓት

ነገረኛው፣ ግማሹ ልክ ነህ፤ ስለዚህ በደንብ ልመልስልህ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ 38 ጥናቶችንና 21,573 ወጣት ሴቶችን የደመረ ሥራ አለ። ሕመም አለኝ ያሉት 71 በመቶ ናቸው፤ የሀገሩ ሀብታም ወይም ድሃ መሆን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። 20 በመቶው በሕመሙ ምክንያት ከትምህርት ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ቀርተዋል፤ 41 በመቶ ያህሉ ክፍል ውስጥ ሆነው ትኩረታቸው ወይም ውጤታቸው ተጎድቷል። 71 በመቶው በሽተኛ ነው ማለት ግን አይደለም። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ሕመም አሁን ፋርማሲው የነገረን የፕሮስታግላንዲን ጉዳይ ነው፤ ብትመረምራት ማህፀኗ ላይ የምታገኘው ነገር የለም። እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን «የሚታይ በሽታ የለም» ማለት «ማስታገሻ አያስፈልጋትም» ማለት አይደለም። ጥርስህን ሲያምህ እናትህ ያለ ማደንዘዣ አስነቅላ ስለነበር አንተም እንደሷ አትነቀልም።

አሁን ሌላኛው ግማሽ። በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ አለባቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩን ወደ 190 ሚሊዮን ያደርሰዋል። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ፣ እንቁልጢ ላይ፣ አንጀት ላይ፣ የሽንት ፊኛ ላይ ይበቅላል። ምልክቱ ከጀመረ በሽታው እስኪታወቅ ከ4 እስከ 12 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ «የኔ እንደዚህ ነው» በሚል ያለፈ ይመስልሃል? ሕመሙ ከወር አበባው ቀን ውጭም ካለ፣ በወር አበባ ሰሞን ሽንት ወይም ሰገራ ሲወጣ ካመማት፣ በግብረ ሥጋ ጊዜ ካመማት፣ ከዓመት ዓመት ከባሰባት፣ እሱ ዝም የሚባል አይደለም። አልትራሳውንድ ደህና ነው ቢልም አይዘጋም፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ አልትራሳውንድ ላይ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ስለ ደም መብዛትም ልንገርህ። ፎን ቪሌብራንድ የሚባል ደም በቀላሉ እንዳይረጋ የሚያደርግ በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ በሽታው ከጻፈው ፊንላንዳዊ ሐኪም ነው። እሱ መጀመሪያ ያያት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቤተሰቡ ውስጥ ብዙ ደም የሚፈሳቸው ነበሩ፤ እህቶቿም ሞተዋል። እሷ በ13 ዓመቷ፣ በአራተኛዋ የወር አበባዋ፣ ደም ፈሷት ሞተች። ዛሬ የሚታከም በሽታ ነው። ብዙ ሴቶች የመጀመሪያው ምልክታቸው የበዛ የወር አበባ ነው፤ አፍንጫቸው ይነስራል፣ ጥርስ ሲነቀልላቸው ደሙ አይቆምም፣ በትንሽ ግጭት ይበልዛሉ። «የእናቴም እንደዚህ ነበር» የሚለው አንዳንዴ ማጽናኛ ሳይሆን የቤተሰብ ታሪክ ነው።

ነገረኛው · ማክሰኞ ማታ

ጥርሱ ነገር አሳቀኝ። ጤነኛዋን አታስፈራሩ የሚለው ግን አሁንም ይመዝገብልኝ።

ተመራቂዋ · ማክሰኞ ማታ

ተመዝግቧል። እንደውም ማስፈራት እንዳይሆን ምን እናድርግ የሚለውን ቡድናችን እየተከራከረበት ነው።

ዘላለማዊ_ፍሬሽ · ማክሰኞ ማታ

ሁላችሁም ስለ በዛው ነው የምታወሩት። የኔ ደግሞ ሦስት አራት ወር ይጠፋል። ጓደኞቼ «ታድለሽ» ይሉኛል፣ እኔም ታድያለሁ ብዬ ነው የምኖረው። ፊቴ ላይ ብጉር፣ አገጬ ስር ፀጉር አለ፤ እሱን በመላጫ ነው የምገላገለው። ይሄ ከወር አበባ ጋር ይገናኛል እንዴ?

እግር_በእግር · ማክሰኞ ማታ

የኔም ቀርቷል፣ ግን በስፖርት ነው። የዩኒቨርሲቲው ቡድን ውስጥ እሮጣለሁ፤ ሲቀር ሰውነቴ በደንብ ሠልጥኗል ማለት ነው ይባላል።

አዋላጇ · ረቡዕ ጠዋት

ሁለታችሁም ስሙኝ፣ ነገራችሁ አንድ አይደለም።

ፍሬሽ፣ አዎ ሊገናኝ ይችላል። የሚዘገይ ዑደት፣ ብጉርና አገጭ ላይ የሚበቅል ፀጉር አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የሚታሰበው ፒሲኦኤስ የሚባል የሆርሞን ችግር ነው። የወንድ የሚባሉት ሆርሞኖች ከፍ ይላሉ፣ እንቁላሉ በጊዜው አይለቀቅም። በጣም የተስፋፋ ነው፣ ከሴቶች አሥር በመቶ አካባቢ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ካለባቸው እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት አያውቁትም። የደም ስኳርንም ስለሚነካ በጊዜ መታወቁ ይጠቅማል። ደግሞም እንቁላል ሳይለቀቅ ለብዙ ወር ሲቆይ የማህፀን ሽፋን ሳይፈርስ እየወፈረ ይሄዳል፣ እሱም መተው የለበትም። መካን ያደርጋል ብለው የሚያስፈራሩሽን ግን አትስሚ፤ ብዙዎቹ ይወልዳሉ፣ አንዳንዶቹ በትንሽ ሕክምና።

ሯጯ፣ የአንቺ የሥልጠና ማረጋገጫ አይደለም። የምትበዪው ለምታቃጥዪው ሳይበቃ ሲቀር አንጎል መጀመሪያ የሚያጠፋው የመውለድን ክፍል ነው። ኢስትሮጅን ይወርዳል፣ አጥንትም አብሮ ይሳሳል፤ አጥንትሽ የሚጠነክረው ደግሞ አሁን በሃያዎቹ ነው። ያለ ምክንያት አጥንቱ የሚሰነጠቅ ሯጭ አይተሽ ከሆነ ወር አበባዋን ጠይቂያት። ክብደት መቀነስና ከባድ ጭንቀትም እንደዚሁ ያደርጋሉ።

ለሁለታችሁም መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ነው፤ አትቆጡኝ፣ ለሁሉም የሚጠየቅ ነው። ከዚያ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን ይታያል። በሥርዓቱ ይመጣ የነበረ ሦስት ወር ከጠፋ አይጠበቅም።

እግር_በእግር · ረቡዕ ጠዋት

እሺ ሲስተር። አሠልጣኛችንን ሳይሆን ሐኪም ነው የምጠይቀው።

ሦስተኛ_ረድፍ · ረቡዕ ከሰዓት

ዶርም አብረው ያሉ ሴቶች የሁሉም ቀን ይመሳሰላል የሚባለውስ? እህቶቼ ይምላሉ።

ሥነልቦና_ክፍል · ረቡዕ ከሰዓት

እሱም ከተማሪዎች ዶርም የወጣ ነው! እ.ኤ.አ. በ1971 ማርታ ማክሊንቶክ የምትባል ተመራማሪ የአንድ የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ 135 የዶርም ነዋሪዎችን አጥንታ «ኔቸር» የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመች፣ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። በኋላ ግን ሌሎች ሲደግሙት እንቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው በዶርም የሚኖሩ 186 ቻይናውያት ላይ የተሠራው ጥናት መመሳሰል አላገኘም። የእያንዳንዷ ዑደት ርዝመት ስለሚለያይ ቀናቸው አንዴ ይቀራረባል፣ አንዴ ይራራቃል፤ የሚታወሰን የተቀራረበው ነው። እህቶችህን አትከራከር፣ አታሸንፍም።

ወደ ዋናው ልመለስ። ተመራቂዋ፣ አመለካከትን በምን ልትለኩት ነው? ብዙ ሰው የሚጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ1980 ብሩክስ-ጋንና ሩብል የሚባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት መለኪያ ነው። የወር አበባ ያዳክማል፣ ያስቸግራል፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ መምጣቱ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ምንም ለውጥ አያመጣም፤ እነዚህን አምስቱን ለየብቻ ይለካል። እኔን የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ነው። «ምንም አያደርገኝም» የምትለዋ ልጅ ነጥቧ ከፍ ሲል ጤነኛ ናት ትላላችሁ ወይስ መናገር ነውር ነው ብላ ያደገች? ወረቀቱ አይለያቸውም። ብቻውን አትጠቀሙበት።

ሰው ስለ አመለካከቱ ሲጠየቅ የሚያምረውን ነው የሚመልሰው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሙከራ ላይ ተማሪዎቹን ምንም አልጠየቋቸውም። አንዲት ልጅ ከቦርሳዋ ዕቃ ስታወጣ ሆን ብላ ትጥላለች፤ ለአንዳንዶቹ የፀጉር ማስያዣ፣ ለሌሎቹ ታምፖን፣ ማለትም ወደ ውስጥ የሚገባ የወር አበባ መጠቀሚያ። ታምፖን የጣለችባቸው ችሎታዋን ዝቅ አድርገው ገመቷት፣ ብዙም አልወደዷትም፣ ከሷ ራቅ ብለው ለመቀመጥም አዘንብለው ነበር። እንዲህ ያደረጉት ወንዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ሴቶቹም ናቸው። እነዚያን ተማሪዎች «የወር አበባ አሳፋሪ ነው?» ብትዪያቸው «ኧረ በጭራሽ» ነበር የሚሉሽ።

እግረ መንገዴን ስለ «ፔሬድ ላይ ናት» ላንሳ። ከወር አበባ በፊት ባለው ሳምንት ትንሽ መነጫነጭ ብዙዎች ላይ አለ። ከዚያ ለይቶ የሚታይ ፒኤምዲዲ የሚባል ከባድ ችግር ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ ራሱን ችሎ ገብቷል። ተስፋ መቁረጥ፣ መቆጣጠር የማይቻል ንዴት፣ አንዳንዴ የሞት ሐሳብ፤ ደሙ ከጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ይለቃል። የሚታወቀው ቢያንስ ሁለት ዑደት በየቀኑ ስሜትን በመመዝገብ ነው። መድኃኒት አለው። በቀልድ ምክንያት የምትደበቀው እሷ ናት።

ኮርስ_ሰጪ · ረቡዕ ማታ

መምህር ነኝ። እኛም አለንበትና ከኛ ወገን ልናገር። ተማሪ ከፈተና ወይም ከላብ ከቀረ የክሊኒክ ወረቀት ያስፈልጋል። የሚያመጡልኝን ወረቀት ስሰበስብ በጣም ብዙው «ጨጓራ» ነው። ይሄ ሁሉ ጨጓራ ከየት መጣ ብዬ አንዲት ባልደረባዬን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። በኋላ አንዲት ተማሪ ግልጹን ነገረችኝ፤ ለወር አበባ ቁርጠት ወረቀት የሚጽፍ የለም፣ ቢጻፍም ይዤው ወደ ወንድ አስተማሪ አልሄድም አለች። ለመታየት ወረፋ ይዛ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ ሕመሙ አልፏል።

በኔ ኮርስ አሁን ከሚያዙት ላቦች የአንዱን ውጤት፣ ዝቅተኛውን፣ ለሁሉም እጥላለሁ። ወንድም ሴትም ምክንያት አይናገርም። ሁሉንም አይፈታም፣ ፋይናልን አይነካም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይበዘበዛል ይላሉ፤ እስካሁን የተበዘበዝኩት እግር ኳስ ባለበት ቀን ብቻ ነው።

ኢንተርን_ያልተኛ · ረቡዕ ማታ

መምህር፣ ያሉት በቁጥርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ ከ32 ሺህ በላይ የሆላንድ ሴቶችን የጠየቀ ጥናት ነበር። በወር አበባ ምክንያት ከሥራ ወይም ከትምህርት ከቀሩት እውነተኛውን ምክንያት ለአሠሪ ወይም ለትምህርት ቤት የተናገሩት 20 በመቶ ናቸው። ስለ ጾታ እኩልነት ብዙ ሲያወራ በኖረ ሀገር ማለት ነው። ደግሞም ትልቁ ኪሳራ ከቀሩበት ሳይሆን መጥተው ምንም ሳይሠሩ ከዋሉበት ቀን ነው የመጣው፤ 81 በመቶ ያህሉ እንደዚያ ይሆናሉ። የአቴንዳንስ ወረቀት ያንን አያሳይም፤ ግንባሯን ጠረጴዛ ላይ ያሳረፈችው ልጅም «ተገኝታለች» ነው የምትባለው።

ዝም_ባይ · ሐሙስ ጠዋት

እስካሁን ሳነብ ነበር። ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ሐኪም ለሕመሜ የወሊድ መከላከያ ኪኒን አዘዘልኝ። ሠርቶልኛል፣ በጣም። ግን ከማሸጊያው አውጥቼ በሌላ ቆርቆሮ ነው የማስቀምጠው፤ የዶርም ልጆች ካዩት ታሪኩ ሌላ ይሆናላ። አንዴ ቆርቆሮውን ስፈልግ ሁለት ቀን አለፈኝና ደሙ በፈተና ሳምንት መጣ። ሕክምናውን እያወቁ የሚተዉ ብዙ አሉ፤ «ታውቂያለሽ?» ተብሎ የሚጠየቅ አይደለም፣ «ብትወስጂው ሰው ምን ይልሻል?» ነው የሚባለው።

ፋርማሲ_ባንኮኒ · ሐሙስ ጠዋት

እውነቷን ነው። ኪኒኑ እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል፣ የማህፀን ሽፋኑን ያሳሳል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ፕሮስታግላንዲኑም ደሙም ይቀንሳል። ለዚህ ነው የሚታዘዘው። እኛ ጋ መጥታ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትጠይቀው፣ ከኋላዋ ወረፋ የያዘውን እያየች። ለሁሉም እንደማይሆንም ይታወቅ፤ አውራ ያለው ማይግሬን (ከራስ ምታቱ በፊት ዓይን ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ዓይነት) ወይም የደም መርጋት ታሪክ ያላት ለሐኪሟ ሳትናገር አትጀምር።

ተመራቂዋ · ሐሙስ ማታ

እግዜር ይስጥልኝ፣ የአማካሪ ሥራ ነው የሠራችሁልን። ዛሬ ቡድናችን ቁጭ ብሎ መጠይቁን ግማሹን ቀዳደደው። የ«ልክ/ስህተት»ን ክፍል ወደ አንድ ገጽ አወረድነው። በምትኩ አጫጭር ታሪኮች አስገባን፤ እያንዳንዱን ካነበበ በኋላ «ምን ብትመክራት ትመክራለህ/ትመክሪያለሽ?» እና «በአንተ/በአንቺ ቢሆን ምን ይደረግ ነበር?» ይላል። ሁለቱ መልስ ሲለያይ ነው የምንፈልገው። ናሙናዎቹ፦

አንዷ ተማሪ የመጀመሪያውን ቀን በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ ትቀይራለች፣ ሌሊትም ትነሳለች፣ ስምንት ቀን ይቆይባታል። ከሃይስኩል ጀምሮ እንደዚህ ነው።

ሌላዋ ማስታገሻ በሰዓቱ እየወሰደች እንኳ ትቀራለች፤ ሰሞኑን ሰገራ ስትወጣም ያማታል።

ሦስተኛዋ የወር አበባዋ ሦስት ወር ጠፍቷል፤ ደስ ብሏታል።

አራተኛው የክፍል ተጠሪ ነው። አንዲት ልጅ ከግሩፕ ፕሬዘንቴሽን ልትቀር እንደሆነ ነገረችው፣ ምክንያቷንም ነገረችው። ግሩፑ «የት ሄደች?» ሲለው ምን ይበል?

ለነገረኛው ስንል አምስተኛም አለ፤ ዑደቷ አንዴ 26 አንዴ 31 ቀን የሚሆን፣ ትንሽ የሚቆርጣት፣ ሙቅ ውኃ ይዛ ትምህርቷን የምትከታተል። ለሷ ትክክለኛው መልስ «ምንም አያስፈልጋትም» ነው። እሷንም ሐኪም ጋ የሚልክ ካለ መቁጠር እንፈልጋለን።

ነገረኛው · ሐሙስ ማታ

አምስተኛዋን ወደድኳት።

ሦስተኛ_ረድፍ · ሐሙስ ማታ

አራተኛው እኔ ነኝ እንዴ? «ታማለች» ብዬ ዝም እላለሁ። «ምን ሆነች?» ካሉኝ ነው የምጠፋው። ምናልባት ልጅቷ ራሷ ምን እንዲባልላት እንደምትፈልግ መጠየቅ ይሻላል፤ እሱንም መልስ አድርጉት።

አዋላጇ · ሐሙስ ማታ

ሦስተኛዋን አምስት ወር አድርጓት። ሦስት ወር ድንበሩ ላይ ስለሆነ መላሾቻችሁ ይለያዩና ምን እንዳላወቁ ሳታውቁ ትቀራላችሁ።

ሌላው፣ መጠይቁን ስትሞላ «ይሄማ እኔ ነኝ» የምትል ትኖራለች። ባዶ እጇን አትስደዷት። መጨረሻው ላይ የምትቀደድ ቁራጭ ወረቀት አድርጉ፤ መቼ መታየት እንዳለባትና የተማሪ ክሊኒኩ የት እንደሆነ የሚል። ክሊኒኩን ቀድማችሁ አነጋግሯቸው፣ ያልጠበቁት ሰልፍ እንዳይመጣባቸው።

ሥነልቦና_ክፍል · ሐሙስ ማታ

ወረቀት ከሆነ ደግሞ ዶርም ውስጥ አታሰራጩ። አልጋ ላይ ተደርድረው ሲሞሉ አንዷ የሌላዋን ታያለች፣ መልሱም የሰፈር ይሆናል። በስልክ አድርጉት። ጾታ የሚለውን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት፤ መጀመሪያ ላይ ካደረጋችሁት ወንዱ «ለኔ አይደለም» ብሎ በስሜት ሳይሆን በጣት ነው የሚሞላው።

ተመራቂዋ · ዓርብ ጠዋት

አምስት ወር ሆናለች። በስልክ የሚለውን ተቀብለናል፣ ቁራጭ ወረቀቷም በመጨረሻው ገጽ ላይ ትወጣለች። ክሊኒኩን ከሰዓት ሄደን እናነጋግራለን። «ሌሊት_ላይብረሪ»፣ የማስታገሻ ሣጥን ገብቶልሻል፦ «ማስታገሻ ከመውሰድ ያዘገየሽ ነገር ምንድን ነው?» ይላል፣ ከአማራጮቹ አንዱ «እለምደዋለሁ ብዬ» ነው። ሌላ አማራጭ የሚጨምር ካለ እስከ ሰኞ ጻፉልኝ።

ሌሊት_ላይብረሪ · ዓርብ ጠዋት

«ትልቅ ልጅ ከልክላኝ» የሚል ጨምሪበት።